የአሥራ ሁለት ሰዓቱ ባቡር

ከጧቱ አሥራ ሁለት፣ ኮምቦልቻ ጣቢያ፤
ሁለት ብስክሌት፣ ሁለት ሰው፣ አንድ ዘበኛ፣ ባዶ መሳፈሪያ።
ሐዲዱ ተነጥፏል፣ ሽቦው ተወጥሯል፣
የግድግዳው ሰዓት ለሦስት ሩብ ጉዳይ ላይ ከርሟል።
ባቡር የለም።
እኛ ግን ቀድመን መጥተናል፤ ቀድሞ የመጣ አይወቀስም።

የጉዞ ሰሌዳውን አሊጋዝ ነው ያወጣው፣
ከሲሚንቶ ከረጢት ቀዶ በከሰል የጻፈው፤
"ከአዋሽ ማታ ተነሥቶ፣ ከሚሴን በጎሕ አልፎ፣
አሥራ ሁለት ሲል እዚህ"፤ ከሥሩም "ብስክሌት ይጭናል" ተጽፎ።

ጋሽ ይመጫል፣ ዘበኛው፣ ካፖርቱን እስከ አገጩ ለብሶ፣
"ትኬት!" ይለናል፤ ፈገግ አይልም ጨርሶ።
ያልወጣልኝን ሎተሪ ከኪሴ አውጥቼ እሰጣለሁ፤
"ፉርጎ ሁለት" ብሎ ግማሹን ቀዶ ይመልሳል፤ እቀበላለሁ።

ከዚያ እንወርዳለን።
እግራችን ሌሊቱን ተቀምጦ እንዳደረ ደንዝዞ፣
ብስክሌት ይወርዳል ከሌለ ፉርጎ፣ አንዳችን ሌላውን አግዞ።

የኔዋ ከጅቡቲ በኮንቴይነር የመጣች ናት፤
በማላውቀው ፊደል የማላውቀው ልጅ ስም አለባት።
ማርሿ ሃያ አንድ ነበረ፤ ዛሬ ሰባቱ ይሠራሉ።
አሊጋዝ "ለሐረጎ" ይላል "ሰባቱ ይበቃሉ።"
አይበቁም።

"ባቡሩ ደሴ አይወጣም" ሲሉ መሐንዲሶቹን ሰምቻለሁ፤
ያኔ ከሐዲዱ ሥር ጠጠር የምደለድል ጎረምሳ ነበርኩ፣
በመጨረሻው ደሞዜ ይህችን ብስክሌት ገዛሁ።
"ዳገቱ ይከብደዋል" አሉ፤ እኔ የቀረውን አሰብኩ፤
እሱ ከሚቆምበት የኔ ፔዳል ይጀምራል።

ፈረቃ የጨረሱ የጨርቃ ጨርቅ ልጆች፣ ብናኝ ጥጥ በፀጉራቸው ላይ፣
"ከየት ነው?" ይሉናል። "ከአዋሽ!" "በምን?" አሊጋዝ ወደ ሰማይ
ቀና ብሎ፣ "በባቡር ነዋ!"
የብቅል ሽታ፣ ከዚያ ቦርከና፣ ከዚያ መንገዱም ቀና።

ሐረጎ መንገድ አይደለም፤ ሙግት ነው።
አንዱን ጠምዛዛ ስትረታው፣ ይግባኝ ብሎ ሌላው ከፊትህ ነው።
አይሱዙ እያቃሰተ ደረሰብን፤ ረዳቱ አንገቱን አውጥቶ
"ኧረ ከኋላ ያዙ!" አለን፣ አንጀቱ ለኛ ራርቶ።
እጄ ሊሄድ ነበር።
አሊጋዝ ጮኸ፣ ትንፋሹ እየተቆረጠ፦
"በባቡር የመጣ ሰው የአይሱዙ ጅራት አይዝም!"
ያን ጊዜ ሰንሰለቴ ወለቀ።

ከዳር ቁጭ ብዬ ስመልሰው፣ ድንገት ዞሬ ቁልቁል አየሁት፤
ሐዲዱ፣ ከቆርቆሮው ማዶ፣ ቀጭን፣
ልብስ ሰፊ ጀምሮት ምሳ እንደ ወጣበት ስፌት።
የቱ ጋ ነው የኔ ጠጠር? ጣቴን ቀስሬ ፈለግሁት፤
"ያውና" አለ አሊጋዝ። እንደሚዋሽ አውቄ አመንሁት።

ደሴ በጉም ተቀበለችን። ፒያሳ ሻይ፣ ሁለት ሁለት ቦምቦሊኖ፣
እኔ በላብ ርሼ፣ አሊጋዝ እስከ ቅንድቡ ጭቃ ሆኖ።
ከዚያ ጦሳ። ጦሳን እንኳ የወጣነው ብስክሌቱን ተሸክመን ነው፣
ለሰው ስናወራ ግን "ነድተን" ነው የምንለው።

ስንመለስ መሽቶ፣ ፍሬናችን እንደ ተቃጠለ ላስቲክ ሸትቶ፣
የሐረጎ ይግባኝ ሁሉ ቁልቁል በአንድ ትንፋሽ ተዘግቶ፣
ጣቢያው ደረስን። ጋሽ ይመጫል በባትሪ ፊታችንን ፈተሸ፤
ግማሹን ሎተሪ ከኪሱ መዘዘ፣ ከኔው ግማሽ ጋር ገጠመ፣
ቁጥሩን አንድ በአንድ አነበበ፣ ዝም አለ፣
"ዘገያችሁ" አለ።

ደክሞን ነበር። ብስክሌታችንን እዚያው ጣል አደረግነው።
ባትሪውን መልሶ አበራብን፤ ድምፁ የቀልድ አልነበረም፦
"ከሐዲዱ ላይ አንሡት፣ ልጆች።
ባቡር ይመጣል።"